የቺካጎ ባንድ ሳጥኖች፦ የትኛው ገንዘቡን ያወጣል?

ቺካጎ የሚባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሁለት ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖች ነው። አንዱ የ1976ቱ «ኢፍ ዩ ሊቭ ሚ ናው» ነው። ሌላው የ1982ቱ «ሃርድ ቱ ሴይ አይም ሶሪ»። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ቁጥር አንድ ሆነዋል። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህን ወዶ «እንግዲያው ሙሉውን ልግዛ» ብሎ 10 ሲዲ ያለው ሳጥን ያዘዘ ሰው ግን ድንጋጤ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው አልበም ውስጥ 7 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ዜማም ምትም የሌለው የጊታር ጩኸት አለ። እዚያው አልበም መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ14 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሙዚቃ ይመጣል።

እኔ ያንን ጩኸትም እወደዋለሁ። ሁሉም ሰው ይውደደው ግን አልልም። ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት ማወዳደር የሚያስፈልገው። ባንዱን የሚመለከቱ ሳጥኖች ብዙ ናቸው፣ ከሩቅ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ውስጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ልዩነቱ እንዲገባን ታሪኩን አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ባንዱ የተመሠረተው በ1967 ቺካጎ ከተማ ውስጥ ነው። ሰባት ነበሩ። ጊታር ቴሪ ካት፣ ኪቦርድ ሮበርት ላም፣ ቤዝ ፒተር ሴቴራ፣ ድራም ዳኒ ሴራፊን። የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ይዘዋል፦ ትሮምቦን ጄምስ ፓንኮ፣ ትራምፔት ሊ ሎክኔን፣ ሳክስፎንና ዋሽንት ዋልተር ፓራዜደር። ትንፋሹ ለማጀቢያ ብቻ የገባ አልነበረም፤ ከጊታሩ እኩል ይመራል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ይቀድማል። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ጆሮው ለተገራ አበሻ ይሄ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከሌላው የዘመኑ ሮክ ይልቅ ቶሎ የሚገባን ይመስለኛል።

በ1969 የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጡ ስማቸው ቺካጎ ትራንዚት ኦቶሪቲ ነበር። ይሄ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ «እከሳለሁ» ሲል ስሙን አሳጠሩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች ሁሉም ድርብ ሸክላ ነበሩ። ለአዲስ ባንድ ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው። ከዚያ በ1972 እና በ1975 መካከል አምስት አልበም ተከታትሎ ቁጥር አንድ ወጣላቸው።

ጥር 1978 ላይ ቴሪ ካት በእጁ የያዘው ሽጉጥ ድንገት ባርቆበት ሞተ። የባንዱ ነፍስ እሱ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ባንዱ ግን ቀጠለ። እስከ 1980 ድረስ ሥራቸውን ያወጣ የነበረው ኮሎምቢያ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ዋርነር ሄዱ። በ1982 ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ፎስተር መጣ። ሲንተሳይዘር ገባ፣ ትንፋሹ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ሽያጩም ጣሪያ ነካ። «ቺካጎ 17» ከሁሉም አልበሞቻቸው በላይ የተሸጠው ነው (አብዛኞቹን አልበሞች የሚሰይሙት በቁጥር ነው)። ሴቴራ በ1985 ለብቻው ሊሠራ ወጣ።

እንግዲህ ሁለት መስመሮች አሉ ማለት ነው። አንደኛው የካት ሞት፣ ሁለተኛው የኩባንያ ለውጥ። የሳጥኖቹ ጥሩም ሆነ መጥፎ ጎን በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን እንይ። ሙሉ አልበም ሳይሆን የተመረጡ ዘፈኖችን የያዙ ሁለት ሳጥኖች አሉ። «ግሩፕ ፖርትሬት» በ1991 የወጣ ባለ 4 ሲዲ ነው። ያወጣው ኮሎምቢያ ስለሆነ በ1980 ላይ ቀጥ ይላል። «ሃርድ ቱ ሴይ አይም ሶሪ» የለበትም። በ1988 ቁጥር አንድ የሆነው «ሉክ አዌይ»ም የለበትም። ይሄን ሳያውቅ የገዛ ሰው ቢናደድ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ጥቅምም አለው። አራቱም ሲዲ ለ11 ዓመት ሥራ ብቻ ስለዋለ፣ ሬዲዮ ላይ የማይሰሙ ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች ቦታ አግኝተዋል። የባንዱን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍም አብሮት አለ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ካገኛችሁት እለፉት አልልም።

ሁለተኛው በቀጥታ «ዘ ቦክስ» ይባላል። ራይኖ በ2003 ነው ያወጣው፤ 5 ሲዲ እና አንድ ዲቪዲ አለው። ራይኖ የዋርነር ቅርንጫፍ ነው፤ የኮሎምቢያውን ዘመን ቅጂዎችም ስላገኘ ሁለቱንም ዘመን አንድ ላይ ማስቀመጥ ችሏል። በዚህ ንጽጽር ውስጥ የመጀመሪያውንም የኋለኛውንም ቺካጎ በአንድ ሳጥን የሚሰጣችሁ የስቱዲዮ ስብስብ ይሄ ብቻ ነው። ለአድናቂዎች ሌላ ማባበያም ነበረው፦ «ስቶን ኦፍ ሲሲፈስ» ከሚባለው አልበም የተወሰዱ ዘፈኖች። አልበሙ በ1993 ተቀድቶ አለቀ። ዋርነር ግን አልወደደውም፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሙሉው የወጣው በ2008 ነው። ዛሬ አልበሙ ራሱ ስለሚገኝ ማባበያው ኃይሉ ቀንሷል።

«ዘ ቦክስ» ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነን ሥራ 5 ሲዲ ውስጥ ሲያስገቡ መጀመሪያ የሚጎዳው የጥንቱ ነው። ምክንያቱም የጥንቱ ቺካጎ የነጠላ ዘፈን ባንድ አልነበረም። በሁለተኛው አልበም ላይ ፓንኮ የደረሰው ባለ ሰባት ክፍል ሥራ አለ። «ሜክ ሚ ስማይል» እና ሠርግ ላይ ሲደነስበት የኖረው «ከለር ማይ ወርልድ» የዚህ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ለየብቻ ስትሰሟቸው ሁለት ደህና ዘፈኖች ናቸው። በቦታቸው ስትሰሟቸው ግን የመጀመሪያው በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው በመሃል ያሳርፋል፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ትንፋሹ ያናውጣችኋል። ምርጫ ሳጥን ይሄን ስሜት ሊሰጥ አይችልም። በተራው መሠረት፣ ከነአልበሙ መሰማት አለበት።

ለዚህ ነው የኔ ምርጫ «ዘ ስቱዲዮ አልበምስ 1969–1978» የሆነው። በ2012 የወጣ ነው። 10 ሲዲ አለው። ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ካት ከሞተ በኋላ እስከ ወጣው «ሆት ስትሪትስ» ድረስ ሁሉንም የስቱዲዮ ሥራ ይዟል። «ቺካጎ 4» የመድረክ ቅጂ ስለሆነ፣ «ቺካጎ 9» ደግሞ የቀድሞ ዘፈኖች ስብስብ ስለሆነ ብቻ ቀርተዋል። በሸክላ ዘመን ቢቆጠር 14 ሸክላ የሚሆን ሙዚቃ ነው። እያንዳንዱ ሲዲ የድሮውን የሸክላ ሽፋን በትንሹ አስመስሎ በተሠራ የካርቶን ኪስ ውስጥ ይመጣል። ኪሶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቃ ነው፤ መነጽር ያስፈልጋል። ወፍራም የታሪክ መጽሐፍም አትጠብቁ። የተቆጠበው እዚያ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ላይ ምንም አልተሰሰተም።

ከአሥሩ ውስጥ ሁሉም እኩል አይደሉም። (የምጠራቸው በአልበሙ ቁጥር ነው እንጂ በሲዲው ተራ አይደለም።) አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው ብቻቸውን የሳጥኑን ዋጋ ይመልሳሉ። ሰባተኛው ላይ ገና ሲጀምር ጃዝ ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ። በ1974 እንደነሱ ዝነኛ የሆነ ባንድ ይሄን ማድረጉ ያስገርማል። ስምንተኛው ድካም ይሰማበታል። «ሆት ስትሪትስ»ን ቶሎ ቶሎ አልሰማውም።

ሁለተኛው ጥራዝ አለ፣ 1979–2008 ይባላል፤ በ2015 የወጣ ሌላ 10 ሲዲ ነው። የፎስተር ዘመን ሦስቱ አልበሞች እዚህ ናቸው፤ 16፣ 17 እና 18። የሰማንያዎቹን ድምፅ የምትወዱ ከሆነ በእነዚህ ሦስት ትደሰታላችሁ። ነገር ግን ለሦስት አልበም ብሎ 10 ሲዲ መግዛት ከንቱ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ፈልጉ። ከቀሩት ውስጥ ልቤ የሚሄደው ወደ «ስቶን ኦፍ ሲሲፈስ» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውዱ እንምጣ። «ኳዲዮ» በ2016 የወጣ የ9 ብሉ-ሬይ ሳጥን ነው። በሰባዎቹ ውስጥ ድምፅን በሁለት ስፒከር ሳይሆን በአራት የማሰማት ፋሽን መጥቶ ነበር። የቺካጎ አልበሞች ያኔ ለዚህ ተብለው ለብቻ ተቀናብረው ነበር። ፋሽኑ ቶሎ ሞተ፣ ቅንብሮቹም ተቀበሩ። ይሄ ሳጥን እነሱን ያወጣቸው ነው። ስቴሪዮውም አብሮ አለ። ለእንደዚህ ዓይነት ባንድ የአራት ስፒከር ጥቅሙ ግልጽ ነው። በስቴሪዮ ሲጨናነቁ የምትሰሟቸው ሦስቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ጊታሩና ድምፃውያኑ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ፓንኮ የጻፈውን እያንዳንዱን መስመር መከተል ይቻላል። ጉዳዩ ግን የእናንተ ቤት ነው። የብሉ-ሬይ ማጫወቻና ከኋላም ስፒከር ያለው የድምፅ ሲስተም ከሌላችሁ አትግዙት። በቴሌቪዥን ስፒከር ለመስማት ይሄን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል። ልብ በሉ፣ 11ኛው አልበምና «ሆት ስትሪትስ» እዚህ የሉም፤ ኳዲዮ በ«ቺካጎ 10» ያበቃል። በሌላ በኩል ስብስቡ «ቺካጎ 9» አለበት።

የመድረክ ሥራ ለሚወድ ሁለት ነገር አለ። ሚያዝያ 1971 ላይ ኒው ዮርክ በሚገኘው ካርኔጊ ሆል ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ 8 ኮንሰርት አቀረቡ። በዚያው ዓመት ከዚህ የተቀነጨበ ባለ 4 ሸክላ ሳጥን ወጣ። የትንፋሾቹ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ስለተቀዳ ነፊዎቹ ራሳቸው አልወደዱትም። በ2021 ስምንቱም ኮንሰርት በ16 ሲዲ ወጣ። ትራምፔቱን የሚነፋው ሎክኔን ራሱ ከአንድ የድምፅ ባለሙያ ጋር ሆኖ እንደገና ቀምሮታል፤ አሁን ትንፋሹ ሥጋ አለው። ታዲያ 16 ሲዲ ያስፈልጋችኋል? ተመሳሳይ ዘፈኖች በየምሽቱ ይመለሳሉ። ካት በአንዱ ምሽት ከሌላው ምን የተለየ እንደተጫወተ ማወዳደር የሚያስደስታችሁ ከሆነ ገነት ነው። ካልሆነ በሦስተኛው ሲዲ ትሰለቻላችሁ።

ሁለተኛው በ2018 የወጣው «6 ዲኬድስ ላይቭ» ነው፤ ርዕሱ ላይ ቁጥሩ በሮማውያን ነው የተጻፈው። 4 ሲዲ እና አንድ ዲቪዲ አለው። በ1970 በእንግሊዝ አይል ኦፍ ዋይት ፌስቲቫል ላይ ያቀረቡት እዚህ አለ። ዲቪዲው በ1977 ለጀርመን ቴሌቪዥን የተቀረጸ ኮንሰርት ነው። ካት በሕይወት እያለ በጥሩ ምስል ማየት የፈለገ ሰው ለዚህ ዲቪዲ ሲል ብቻ ቢገዛው አይቆጨውም።

ሁለቱን ለስላሳ ዘፈኖች ብቻ የፈለጋችሁት ደግሞ ከላይ ያለውን ሁሉ እርሱት። በ2002 የወጣ «ኦንሊ ዘ ቢጊኒንግ» የሚባል ባለ 2 ሲዲ ስብስብ አለ። ሁለቱንም ዘመን ይይዛል፣ ዋጋውም ከሳጥኖቹ ጋር አይወዳደርም።

ያገለገለ ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ከ«ዘ ቦክስ» ዲቪዲው ጠፍቶ ይሸጣል፤ ሻጩን «ስድስቱም ዲስክ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የ1971ዱ የካርኔጊ ሸክላ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ትልልቅ ፖስተሮችና ለመራጭነት ስለ መመዝገብ የሚያስረዳ ወረቀት ነበሩበት። አሜሪካ የመራጭን ዕድሜ ወደ 18 ያወረደችው በዚያው ዓመት ነው። ያኔ የገዙት ልጆች ፖስተሮቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ስለዚህ ሻጩ «ሙሉ ነው» ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የፖስተሮቹን ፎቶ ላኩልኝ በሉት።