ገንዳው ጥሩ ነው፤ መቆሚያው ግን ለፎቅ አይሆንም

360 ሊትር የሚይዘውን የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ከገዛሁት ዓመት ሊሞላው ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው ያለው። መስታወቱ ንጹሕ ነው። መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲሊኮን ጠብታ አላፈሰሰም። ፓምፑ ድምፅ የለውም። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይህን የምጽፈው አብሮት ስለሚሸጠው የብረት መቆሚያ ነው።

የድሬን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ኖራ ገንዳ ላይም ይሠራል። ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ስለሚያተነው፣ በጎደለ ቁጥር የፊት መስታወቱ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ያንን ላጸዳ ጎንበስ ስል መስመሩና ውሃው አልገጠሙልኝም። በግራ በኩል ውሃው መስመሩን ነክቶታል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን እየራቀ እየራቀ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ሆኗል። መስመሩ የተሠራው ገንዳው ቀጥ ብሎ በቆመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገንዳው ዘሟል ማለት ነው። በባትሪ ሥሩን ሳየው የፊት ግራው እግር ያረፈበት ሴራሚክ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ደነገጥኩ። ከታች ያሉት እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ወዲያው ግማሹን ውሃ በጎማ ወደ መታጠቢያ ቤት ለቀቅኩና የማውቀውን ፎርማን ጠራሁ። እሱ መጀመሪያ የሄደው ወደ ታችኛው ቤት ነው። ኮርኒሱን አየ፣ ወለሉን የተሸከመውን አግዳሚ ቢም አየ፣ ስንጥቅ ፈለገ፤ ምንም የለም። ከዚያ መጥቶ ሴራሚኮቹን በሳንቲም ይመታ ጀመር። በዙሪያው ያሉት ድፍን ድምፅ ሲሰጡ የተሰነጠቀው ባዶ ጮኸ። ሲነጠፍ ሥሩ ሲሚንቶ በደንብ አልገባም።

«ስላቡ ደህና ነው አቦ፤ የሞተው ሴራሚኩ ነው» አለኝ። ስላብ የሚለው የፎቁን የኮንክሪት ወለል ነው።

«ድሮስ ውሃ ፎቅ ላይ!» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ውሃው ብቻ 340 ኪሎ ገደማ ነው። መስታወቱ፣ አሸዋና ድንጋዩ፣ ብረቱ ሲደመሩ ግማሽ ቶን ይሞላል። የአገራችን የሕንፃ ኮድ የመኖሪያ ቤት ወለል ቢያንስ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ታስቦ እንዲሠራ ያዛል። የእኔ ገንዳ ያረፈበት ቦታ አንድ ካሬ እንኳ አይሞላም። ይህን ሲሰሙ ሰዎች ይደነግጣሉ። ግን 200ው የሚታሰበው ለክፍሉ ወለል በሙሉ ነው፤ 16 ካሬ የሆነ ሳሎን በድምሩ 3,200 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ክብደቱ የት አረፈ፣ እንዴትስ ተከፋፈለ የሚለው ነው። ክፍሉ መሀል ላይ ወይም ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ቢም አጠገብ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ከተቻለ ወደ ኮለኑ (ወደ ቋሚው ምሰሶ) ጠጋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። እንደ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለሉ በትንንሽ ቢሞችና ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ የገንዳው ርዝመት ቢሞቹን አቋርጦ ቢያርፍ ብዙዎቹ ይጋሩታል። እኔ ይህን ሁሉ ጠይቄ ነው ያስቀመጥኩት። ለዚህም ነው ስላቡ ደህና የሆነው።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። «ስንት ፎቅ ቤት አስገብተናል፣ ምንም አይልም» ይለኛል። እሺ፣ ግማሽ ቶን በአራት እግር ሲካፈል ለአንዱ 125 ኪሎ ነው። የእግሩ መርገጫ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ያክላል። ያንን ሁሉ ክብደት እዚያች ላይ አሳርፈህ ሴራሚክ ላይ የምታቆመው ምን ተማምነህ ነው? «እግሩ በብሎን ይስተካከላል» ይለኛል። ይስተካከላል፤ ግን አንዱ እግር ሲሰምጥ ገንዳው ይጣመማል፣ መስታወት ደግሞ መጣመም አይችልም። ማዕዘኑ ወይም ሲሊኮኑ አንድ ሌሊት ቢለቅ 340 ሊትር ውሃ የሚወርደው እኚያ እናት ቤት ነው። የምትሸጠውን ዕቃ ክብደት ካርቶኑ ላይ ብትጽፈው ምን ነበረበት?

ብረት በያጁ በአር ኤች ኤስ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ አዲስ መቆሚያ ሠራልኝ። ይሄኛው በአራት ነጥብ አይቆምም፤ ከሥር ዙሪያውን ሙሉ ፍሬም አለው፣ መሀሉም ላይ ሁለት ማገር። ባዶ የነበረው ሴራሚክ ወጥቶ እንደገና ተነጠፈ። ወለሉ ላይ ወፍራም ኮምፔርሳቶ አነጠፍን፣ መቆሚያውን በውሃ ልክ አስተካከልን፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ነጭ ፎም አደረግን። ፎሙ ትንንሽ ጉብታዎችን ይውጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሱቁ የሰጠኝ መቆሚያ ከግድግዳ ጋር የሚታሰርበት አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም። አዲሱ ኮለኑ ላይ በብሎን ታስሯል። ውሃውንም እስከ አፉ አልሞላውም፤ ሲናወጥ ሳሎኑ ላይ እንዳይፈስ አራት ጣት አጎድላለሁ።

ዓሦቹ ከማላዊ ሐይቅ የመጣ ዘር ናቸው፤ ጠንካራ ውሃ ስለሚወዱ ከድሬ ውሃ ጋር ተስማምተዋል። ገንዳውን በመግዛቴ ዛሬም ደስተኛ ነኝ፣ ማንም ቢጠይቀኝ ግዛ እለዋለሁ። ግን መስታወቱን ብቻ። መቆሚያውን እዚያው ሱቅ ትቶ ዋጋው ይቀነስልኝ ይበል፣ በተረፈው ብር ብረት በያጅ ጋ ይሂድ። አልቀንስም ካሉት ሌላ ሱቅ ይሞክር።