«ሜዲስን ገብቷል» ስላሏችሁ ብቻ ማስያዣ እንዳትከፍሉ

አዳማና አካባቢው ሆናችሁ ልጅ ወይም ወንድም ሜዲስን ለማስገባት ኮሌጅ እያማረጣችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኛ ቤት የደረሰው እናንተ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ600 ውስጥ 487 አመጣ። ግማሹን ማምጣት ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ ታውቃላችሁና ደስታችንን ገምቱት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ የሚል ልጅ ነው። ውጤቱ እንደወጣ ሦስት በር ተከፈተለት። የመንግሥት ምደባው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ተቀበለው። እዚሁ አዳማ፣ ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ የሚሆን ሌላ የግል ኮሌጅም ተቀበለው። የዚህን የመጨረሻውን ስም አልጽፍም፤ አቤቱታችን ገና ስላላለቀ።

የመንግሥት ምደባ ማለት ሜዲስን ገባህ ማለት እንዳልሆነ ብዙ ወላጅ አያውቅም። እኛም ያወቅነው ዘንድሮ ነው። ልጁ መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ ማለትም መስክ ከመመረጡ በፊት ያለውን የጋራ የመጀመሪያ ዓመት፣ ይማራል፤ ሜዲስን የሚደርሰው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው፤ ሜዲስን የሚፈልገው ደግሞ የግቢው ጎበዝ ሁሉ ነው። የአዳማው ኮሌጅ «እኛ ጋ ከመጀመሪያው ቀን የሜዲስን ተማሪ ነው» አለን። ፍርሃታችንን አዩና እሱን ሸጡልን።

ምዝገባ ክፍል ያለችው ልጅ በጣም ጨዋ ነች። ወንበር ሰጠችን፣ ውሃ አቀረበችልን። ከዚያ እናቴን «እማማ፣ ሐዋሳ ሄዶ ሜዲስን ባይደርሰውስ? አንድ ዓመት ተቃጠለ ማለት እኮ ነው» አለቻት። የቀረው አራት ቦታ ነው፣ እስከ ዓርብ ማስያዣ ካልተከፈለ ለሌላ ይሰጣል አለች። እማዬ በወሩ የወጣላትን ዕቁብ፣ ሙሉውን 60 ሺህ ብር፣ ሐሙስ ዕለት ወስዳ ከፈለች። እኔ ታላቅ እህቱ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። በነገራችን ላይ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ዘመዳችን ደውሎ ሲጠይቃቸው የቀረው ቦታ አሁንም አራት ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ቢሮው ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የዕውቅና ፈቃድ አለ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ያምራል። ስንወጣ እንዲሁ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ አጉልቼ ሳነበው ፈቃዱ የነርሲንግና የፋርማሲ ነው። ሜዲስን የሚል ቃል የለበትም። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቅ «የሜዲስኑ ፈቃድ ዋናው ግቢ ነው ያለው» አሉኝ። ዋናው ግቢ ሌላ ከተማ ነው!

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለየትምህርት መስኩ፣ ለየካምፓሱ ለየብቻ ነው የሚሰጠው፤ የተወሰነ ጊዜም አለው፣ ጊዜው ሲያልቅ መታደስ አለበት። ስለዚህ የሚታየው ፈቃድ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ ሜዲስን ይላል ወይ፣ ልጃችሁ የሚማርበትን ግቢ ይላል ወይ፣ ቀኑስ አላለፈም ወይ። ከዚያ ደግሞ የሚያሳዩአችሁን ወረቀት ይዛችሁ ፈቃዱን የሚሰጠውን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማት ሁሉ እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ አድርጎ ያላሟሉትን ከመዝገብ ሲያወጣ ከርሟልና፣ «ያ ኮሌጅ እኮ ድሮም ያለ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ተመርቆበታል» የሚለው ማስረጃ ዛሬ አይሠራም። ፈቃድ በሌለው መስክ ስድስት ዓመት የተማረ ልጅ የሚይዘው ወረቀት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ሁለተኛው ሆስፒታሉ ነው። እኔ ከፈቃዱ እኩል፣ እንዲያውም ይበልጥ የማየው እሱን ነው። ብሮሹራቸው ላይ «ዘመናዊ ማስተማሪያ ሆስፒታል» የሚል ጽሑፍና የሚያምር ፎቶ አለ። የት ነው ብለን ስንወተውት የራሳቸው እንዳልሆነ፣ ከአንድ ሆስፒታል ጋር ስምምነት እንዳላቸው ነገሩን። የጠሩልን ሆስፒታል ድረስ ሄድኩ። እዚያ የሚሠሩ አንዲት እናት የሚሆኑኝ ሴት በትህትና አስተናገዱኝና፣ ስምምነቱ ለነርሲንግ ተማሪዎች አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። የሜዲስን ተማሪ ከዚያ ኮሌጅ መጥቶባቸው አያውቅም።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ ለምትሉ፤ ሜዲስን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ፒሲ (ቅድመ ክሊኒክ) ዋንና ፒሲ ቱ የሚሏቸው፣ በአብዛኛው ክፍልና ላብራቶሪ ናቸው። ከሲ ዋን፣ ከመጀመሪያው የክሊኒክ ዓመት፣ ጀምሮ ግን ትምህርቱ ያለው ዎርድ፣ ሕመምተኛ የሚተኛበት ክፍል፣ ውስጥ ነው። ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ፤ በየተራ እየገቡ ሕመምተኛ ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ ከሲኒየሮቹ ጋር ራውንድ ይወጣሉ፣ ማለትም ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሕመምተኛ ያያሉ። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሲሆኑ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። ከፈለጋችሁ እዚሁ ከተማችን ያለውን የመንግሥቱን ሆስፒታል፣ ትልልቆቻችን እስካሁን ኃይለማርያም ማሞ የሚሉትን፣ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። ከአርሲም ከሸዋም የመጣው ሕመምተኛና ነጭ ጋዎን ለብሰው አልጋ የከበቡት ልጆች፣ ትምህርቱ ማለት እሱ ነው። በቂ ሕመምተኛ የሌለበት ሆስፒታል ሐኪም አያወጣም። በውሰት የሚገቡበት ሆስፒታል ከሆነም የራሱ ተማሪዎች ካሉት መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ነው። ስለዚህ ኮሌጁን «ከሲ ዋን ጀምሮ የትኛው ሆስፒታል? ለአራቱም ክፍል ነው? ስምምነቱን አሳዩን፣ እስከ መቼ ነው? አንድ አልጋ ላይ ስንት ተማሪ ይቆማል?» በሉት። ከዚያ ሆስፒታሉን ራሱን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ገንዘቡን ቶሎ ልለፈው። የፈረምነው ቅጽ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ማስያዣ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም» እና «ክፍያ በየዓመቱ ሊሻሻል ይችላል» ይላል። አላነበብነውም። ለስድስት ዓመት ትምህርት «ሊሻሻል ይችላል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባችሁ ኋላ፣ ልጁ መሐል ላይ ሲሆን ነው። የሰጡን ደረሰኝም በብሎክ የተጻፈ የውስጥ ወረቀት ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ። ስለምትገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የተጻፈ ነው፤ ውለታ እንደጠየቃችሁ አድርጋችሁ አትሽኮርመሙ።

የግል ሁሉ እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። የአዲስ አበባው ኮሌጅ ፈቃዱን ራሳቸው አምጥተው አሳዩን፣ ሆስፒታሉን አስጎበኙን፣ ሲ ዋን ያለች ተማሪ ጋር ብቻችንን እንድናወራ ፈቀዱልን። ጥሩ ነው። ያልቻልነው ክፍያውን ነው። በዛ ላይ የቤት ኪራይ አለ። መሐል ላይ የሚያቋርጥ ከሆነ ባይጀምረው ይሻላል ብለን ተውነው።

በመሐል አንድ ደላላም ደውሎልን ነበር። «ውጭ ሀገር በእንግሊዝኛ፣ ያለ ፈተና» አለ። እዚያ ያለው ሕመምተኛ ግን በሀገሩ ቋንቋ ነው የሚያወራው፤ ቋንቋውን ያልቻለ ተማሪ ዎርድ ውስጥ ቆሞ መመልከት ብቻ ነው ዕጣው። ሲመለስም ዲግሪው በባለሥልጣኑ አቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

በመጨረሻ ሐዋሳን መረጥን። ሐዋሳ ሲ ቱ የሆነ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ደውለን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለው፣ ከግቢ ወደ ዎርድ በእግር ነው የሚሄዱት አለን። ፍሬሽማኑ ግን ቀልድ እንዳልሆነ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ካልተያዘ እንደሚያመልጥ ለወንድሜ ፊት ለፊት ነገረው። ደግሞ ለመሥራት የሚያስፈልገው የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ከመንግሥትም ከግልም ለወጣ አንድ ነው። ሜዲስን ባይደርሰው የሚለው ፍርሃት አሁንም አለ። እማዬ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጋ ሸኝታው ስትመለስ ሁለት ቀን እንጀራ አልበላም አለች። ግን ልጁ በደንብ ከሠራ የሚገባበት በር እውነተኛ በር ነው።

60 ሺሁ እስካሁን አልተመለሰም። ለባለሥልጣኑም ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም የፈቃዱን ፎቶ አያይዘን ማመልከቻ አስገብተናል። ዘንድሮ እዚሁ አዳማ ለሜዲስን ማስያዣ ከፍላችሁ ግድግዳው ላይ የነርሲንግና የፋርማሲ ፈቃድ ያያችሁ ካላችሁ ያንን የብሎክ ደረሰኝ እንዳትጥሉት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና እንሄዳለን፤ አንድ ቤተሰብ ሆነን ከምንሄድ አምስት ሆነን ብንገባ ይሻላል።