«ሰክተህ እርሳው» የተባለልኝ የእባብ ማሞቂያ፣ ከ9 ወር በኋላ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እኔ እባብ አላረባም። ቤታችን እባብ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ይህን የምለው ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚወራ ስለማውቅ ነው።

ወሬው የተነሣው ከካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ አንድ ብርቱካንማ እባብ እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። እናቴ ሽንኩርት ላስቀምጥበት ብላ አንሥታ ገልበጥ ስታደርገው ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በስመ አብ ብላ ወደ ጓሮ ወረወረችው። በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት አወራች። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የሰፈር ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ እባቡ ግን ምንድን ነው የሚበላው?» አለኝ።

ዕቃው ግን እውነትም የእባብ ነው። ውጭ አገር እባብ እንደ ድመት ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እባብ እንደ እኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ የሚሞቀው ከውጭ በሚያገኘው ነው። ስለዚህ ሳጥኑን የሚያሞቅ ነገር ይገዙለታል። የኔው ሁለት ክፍል ነው። አንዱ 150 ዋት የሴራሚክ አምፖል ነው፤ ሙቀት እንጂ ብርሃን አይሰጥም። ሌላው ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት ነው። እኔ የገዛሁት ለጫጩት ነው። የአንድ ቀን ጫጩትም ላባ እስኪያወጣ ድረስ ራሱን ማሞቅ አይሆንለትም። በዚህ በዚህ ከእባብ ጋር ይመሳሰላሉ ብዬ ነበር። ስህተቴ እዚህ ጋ እንደጀመረ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ለምን ተራ አምፖል አልተጠቀምክም ለምትሉ፦ ተጠቅሜአለሁ። አሁን ገበያው ሁሉ ኤልኢዲ ሆኗል፤ ኤልኢዲ ደግሞ ለማሞቅ የሚሆን አቅም የለውም። የድሮው ባለ 100 ዋት ቢገኝ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ስለሚያድር ጫጩቶቹ አይተኙም፤ ሲናቆሩ ያድራሉ። ከሰልም ሞክሬአለሁ። የከሰል ጭሱ ቢያልፍም ሽታ የሌለው መርዙ አያልፍም። በር ዘግቶ ከሰል ማሳደር ለጫጩትም ለሰውም አይሆንም፤ አንድ ጠዋት ራሴን ይዞኝ ስነሣ ተውኩት።

የገዛሁት ኮምቦልቻ ነው። ሻጩ አፉ ማር ነው። «ሰክተህ እርሳው» አለኝ። አንዴ ቢለኝ ይሁን፤ ሦስት ጊዜ ነው ያለኝ። «ለጫጩት ነው የምፈልገው» ስለው ሳቀ። «እባብን የቻለ ጫጩት ያቅተዋል?» አለኝ። ዋጋው ያን ጊዜ እንቁላል መጣል የጀመሩ ሦስት ዶሮዎች ይገዛ ነበር። ከፍዬ፣ ታቅፌው የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ፣ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ዙር ሐምሌ ላይ ነበር። በሰላም አለፈ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ኅዳር ላይ የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

ከቴርሞስታቱ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትወጣለች። ጫፏ ላይ ባቄላ የምታክል ጥቁር ነገር አለች። ሴንሰር ናት። ሙቀት የምትለካው እሷ ናት። ቴርሞስታቱ የራሱ ዓይን የለውም፤ የሚያምነው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው። እሷን ግድግዳ ላይ እንድትለጥፉበት አብሮ የሚመጣው ደግሞ ተጭነው የሚያጣብቁት የላስቲክ ቆብ ነው። መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ይይዛል። የእባብ ሳጥን መስታወት ነዋ! የኔ ግን ኮምፔርሳቶ ነው። ኮምፔርሳቶ ላይ ለሁለት ቀን ያህል ይይዝና ሲፈልግ ይለቃል።

30 ጫጩቶች ነበሩ፣ የ5 ቀን። ቴርሞስታቱን 33 ላይ አድርጌ ተኛሁ። የደሴን የኅዳር ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ያለው ብርድ ቁልቁል ይመጣል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ያነቃኝ ድምፅ አልነበረም፤ ዝምታው ነው። ሞቆት የተኛ ጫጩት እንኳ አልፎ አልፎ ጭ ይላል።

ሳጥኑን ስከፍት ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ክምር ሆነዋል። እጄን ወደ አምፖሉ አስጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነው። ቴርሞስታቱን አየሁ። 37 ይላል። ትንፋሼ እንደ ጭስ እየታየኝ፣ ዕቃው 37 ይላል! መጀመሪያ ያሰብኩት ተበላሽቷል ብዬ ነው። ክምሩን በእጄ ስበትነው ሴንሰሯ ከመካከሉ ወጣች። ከሥር የነበሩት ሰባቱ ታፍነው ሞተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሯ ከግድግዳው ወድቃ ሰጋቱራው ላይ አረፈች። አንዷ ጫጩት ተኛችባት። የጫጩት ገላ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ቴርሞስታቱ ቤቱ ሞቋል ብሎ አምፖሉን አጠፋ። ሌሎቹ በረዳቸው፣ እዚያችው ጋ ሄደው ተከመሩ። በተከመሩ ቁጥር ሴንሰሯ ትሞቃለች። እሷ በሞቀች ቁጥር አምፖሉ እንደጠፋ ይቀራል። አምፖሉ በጠፋ ቁጥር ይበርዳቸዋል፣ ይበልጥ ይከመራሉ። እኔ አጠገባቸው በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ።

እባብ ቢሆን ይህ አይደርስም። እባብ ሴንሰሯ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛ አያሞቃትም፤ ምን ሙቀት አለውና? ደግሞ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። የዕቃው ሠሪ፣ 30 ሆነው ተቃቅፈው የሚተኙ፣ ምድጃ የያዘ ሆድ ያላቸው እንስሳት በሕልሙም አልመጡበትም።

ሻጩን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ግን በየሌሊቱ እንከራከራለን።

«ወንድሜ፣ ዕቃው ምን አጠፋ? የለካው እኮ ትክክል ነው» ይለኛል። ትክክል ነው። የጫጩቷን ሆድ በትክክል ለካ። እኔ የከፈልኩት የቤቱን እንዲለካ ነበር። «ወረቀቱን አላነበብክም» ይለኛል። እሺ፣ አላነበብኩም። ጉንዳን በሚያክል የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ «ሰክተህ እርሳው» የተባለ ሰው ደግሞ ወረቀት አያነብም። ካነበብኩት በኋላማ ሁለተኛው መስመር ላይ አገኘሁት፦ ሴንሰሩን እንስሳው ሊያነቃንቀው በማይችልበት መንገድ አጥብቀህ እሰር ይላል። ሁለተኛው መስመር! ከዋስትናው በፊት፣ ከአምራቹ ስም በፊት። ሻጩ ሦስት ጊዜ «እርሳው» ከሚለኝ አንዴ «እሰራት» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ይህንኑ ዕቃ ገዝቷል። «እኔ ጋ አንድም ቀን ችግር ፈጥሮ አያውቅም» ይላል፣ ኮራ ብሎ። አንተማ ምን አለብህ! በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ሐረጎን ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እሱ ቤት አምፖሉ ለሦስት ሰዓት ቢጠፋ ጫጩቶቹ ይነጫነጩ ይሆናል። እኔ ቤት ቀብር ነው። ሻጩም የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እርሳው ያለኝ በኮምቦልቻ አየር ለክቶ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ሳስበው ትንሽ አዘንኩለት። ትንሽ ብቻ።

ጥር ላይ ሦስተኛውን ዙር ሳስገባ ሴንሰሯን በእስኮች ለጠፍኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። እስኮች በእርጥበትና በአቧራ መሀል አንድ ሳምንት አይቆይም። አንድ ከሰዓት ከፒያሳ ስመለስ ሴንሰሯ ከሳጥኑ ውጭ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንጠልጥላለች። ማን እንደጎተታት እነሱ ያውቃሉ። ቴርሞስታቱ 16 እያለ አምፖሉን ሳያቋርጥ ያነድዳል። በዚህ ጊዜ ልቤ ቀጥ አለ።

ግን አንድም አልሞተም። ሁሉም ከአምፖሉ ርቀው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተበትነዋል፤ ክንፋቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ያዳናቸው የሳጥኑ ርዝመት ነው። ይህን ሐሳብ ደግሞ ያገኘሁት ከዚያው ከእባቡ ወረቀት ነው። የእባብ ሳጥን አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት ይላል፤ እንስሳው የሚሻለውን ራሱ ይመርጣል። ከኅዳር በኋላ አሮጌውን ካሬ ሳጥን አፍርሼ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አሠራሁ። አምፖሉን አንድ ጫፍ ላይ ሰቀልኩት፤ ክዳኑ በአምፖሉ በኩል ጣውላ፣ በወዲያኛው በኩል የወንፊት ሽቦ ነው። በካሬው ሳጥን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን 30ውም ተጠብሰው ነበር የሚጠብቁኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን እረግማለሁ ወይስ አመሰግናለሁ? እንደ ቀኑ ነው።

አሁን ሴንሰሯ የት እንዳለች ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ። ጣት የሚያህል የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ወሰድኩ። በጋለ ሚስማር ዙሪያውን በሳሁት። ሴንሰሯን ውስጡ አስገብቼ ቧንቧውን በብሎን ግድግዳው ላይ አሰርኩት፣ ከአምፖሉ ሥር ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ በጫጩት ጀርባ ቁመት። ሽቦዋ በቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥታ ከጀርባ በኩል በሽቦ ማሰሪያ ተመትታለች። አየር ያገኛታል፣ ጫጩት አያገኛትም። ሲያድጉ ቧንቧውን ከፍ አደርገዋለሁ። በተጨማሪ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ተራ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ። ሁለት ምስክር ሲሆን ውሸት ይከብዳል። ከዚያ በላይ ግን የማምነው ጫጩቶቹን ነው። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከሸሹት ሞቋቸዋል። በየቦታው ተበትነው ከበሉ ቁጥሩን ማየት አያስፈልግም።

የቀረውን በአጭሩ። ሴራሚኩ ራሱ እስካሁን ምንም አልሆነም። ብርሃን ስለሌለው ሌሊት ይተኛሉ፣ መናቆሩ ቀርቷል፤ ይህን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፌ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። የአምፖሉ መያዣ የሸክላ መሆን አለበት፣ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። ዙሪያውንም በሽቦ አጥሩት፤ ሦስተኛ ሳምንት ላይ መዝለል ይጀምራሉ፣ አምፖሉ ደግሞ ሲነካ ያቃጥላል። ሙቀቱን መጀመሪያ ሳምንት ከ32 እስከ 35 አድርጌ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እቀንሳለሁ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሀላቸው አስቀምጣለሁ። ፍጆታው፦ ብዙ ሰው ለጫጩት የሚጠቀምበት ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ መብራት 24 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ይሄኛው ያለማቋረጥ ቢሠራ እንኳ 3.6 ነው።

ድጋሚ ትገዛዋለህ ወይ? ታኅሣሥ ላይ ብትጠይቁኝ ዕቃውን ከነቆቡ ከሐረጎ ገደል እወረውረዋለሁ እላችሁ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ዙር አድጎ ተሽጧል፣ ኪሴም ደህና ነው፤ ስለዚህ እገዛዋለሁ። የላስቲኩን ቆብ ግን ለሻጩ እመልስለታለሁ። መስታወት ካለው ይለጥፍበት።

ሳጥኑን ለአራተኛው ዙር በበረኪና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ቦታው መልሼው ነበር። የበዓሉ ዋዜማ ማታ ስከፍተው ውስጡ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ድስት አገኘሁ። የድፎ ዳቦ ሊጥ ነው። ኩፍ ብሎ ጨርቁን ገፍቶታል። ቴርሞስታቱ 30 ላይ ነው፤ እኔ አልነካሁትም። እናቴን ማን አስተማረሽ ብላት «ስትጨቃጨቅበት ስሰማ ከረምኩ እኮ» አለችኝ።

ካርቶኑ ግን አሁንም ጓሮ ነው፣ እባቡ ወደ መሬት ተደፍቶ።