ጅሬን ስትወጡ ቤተ መንግሥቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ከጅማ መሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮረብታ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የግማሽ ቀን ጉብኝት በደንብ ይገባዋል። ቤቱን በአርባ ደቂቃ ዞሮ ፎቶ ተነሥቶ መውረድ ግን ከጅሬን ትንሿን ክፍል ማየት ነው። ጅሬን የንጉሥ መቀመጫ የነበረ ትልቅ መንደር ነው። ቤተ መንግሥቱ የመንደሩ ቀሪ እንጂ መንደሩ አይደለም።

የንጉሡ ዕቃዎች ከተማ ውስጥ በጅማ ሙዚየም ስለሚገኙ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ እዚያ ጀምሩ። የእንጨት መቀመጫዎቹ ላይ ቆም በሉ። የጅማ ባለ ሦስት እግር ባርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ብታዩ መጋጠሚያም ምስማርም የለም። ይህን ያየ ዓይን በማግስቱ የቤተ መንግሥቱን እንጨት በሌላ አክብሮት ያያል።

ቤቱ የእንጨት ሥራ ነው፤ ፎቅና በረንዳ አለው። ከጌጡ በፊት የምሰሶዎቹን እግር ተመልከቱ። የእንጨት ቤት የሚሞተው ከታች ነው፤ ከክዳኑ የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ሲረጭ የምሰሶው ግርጌ ይርሳል፣ የራሰውን ደግሞ ምስጥ ይገባበታል። ፎቅ የምትወጡ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ውጡ፤ አሮጌ ወለል በአንድ ጊዜ የሚጫንበትን ሕዝብ አይወድም።

ከዚያ ከግቢው ውጡ። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ቤተ መንግሥቱ የቆመው ብቻውን አልነበረም፤ ሹማምንቱ፣ ጠባቂዎቹ፣ የእጅ ባለሙያዎቹ፣ ባሮቹም በዙሪያው ይኖሩ ነበር። ከታች ሜዳው ላይ የሂርማታ ገበያ አለ፤ ቡናውም፣ ማሩም፣ ሰውም ይሸጥበት ነበር። የባሪያ ንግዱን ዘሎ ስለ ንጉሡ ብልህነት ብቻ የሚያወራ ጉብኝት ጎደሎ ነውና ጠይቁ። ንጉሡ ሲሞቱ መንግሥቱ ለምኒልክ እየገበረ ያቆየው የራስ አስተዳደር አበቃ። ጣሊያን ሲመጣ ከተማውን ያስፋፋው ታች ሂርማታ ላይ ነው። ሥልጣኑም ገበያተኛውም ከኮረብታው ወረደና ጅሬን ተመናመነች።

እንዲህ የተመናመኑ መንደሮችን ማንበብ እንግሊዞች በደንብ ተምረውበታል። ዮርክሻየር ውስጥ ዋራም ፐርሲ የሚባል መንደር አለ፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው በዋናነት የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሞሪስ በርስፎርድና አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ቆፍረውታል። ጠባብ ጉድጓድ እየማሱ ግድግዳ ከማሳደድ ይልቅ የአንድን ቤት ቦታ በሙሉ እንደ ምንጣፍ ገልጠው አፈሩን በስሱ ማንሣት ያዙ፤ አንዱ ቤት በፈረሰው ላይ ደጋግሞ መሠራቱን ያዩት በዚህ ነው። ብዙ ሰው መንደሩን እ.ኤ.አ. የ1348ቱ የቸነፈር ወረርሽኝ በአንድ ጊዜ ያጠፋው ይመስለዋል። መንደሩ ግን ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ነበረበት፤ የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች ያስለቀቀው ለበግ ግጦሽ የተፈለገው መሬት ነው። ያው ጥያቄ ለጅሬንም ያስፈልጋል፤ ማን መቼ ወጣ? በአንድ ቀን ወይስ ቀስ በቀስ?

መሬቱን ለማንበብ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ፀሐይ ከወጣችበት ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2፡00 ድረስ ጋደም ብላ ስለምታበራ የአንድ ክንድ ጉድጓድ እንኳ ጥላ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ሜዳ ይመስላል። ወሩም እንዲሁ፤ በክረምት ሣሩ ይሸፍናል፣ ቀዩ አፈርም ያዳልጣል፤ ጥር ሣሩ ያጠረበት ነው። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ሰውና ከብት በብዛት ሲመላለስበት የሰመጠ መንገድ፣ ተዳፋት ላይ ያለ ምክንያት የተደለደለ የቤት መድብ፣ አጥር የነበረ የሚመስል የዛፍ ረድፍ። ድንጋይ አትጠብቁ። በምሰሶ፣ በማገርና በጭቃ የተሠራ ቤት ሲፈርስ የሚተወው የምሰሶ ጉድጓድና የጠቆረ አፈር ብቻ ነው፤ ያንንም የሚያሳየው ቁፋሮ እንጂ ዓይን አይደለም።

የሚያሳስት ነገር ብዙ ነው። ለምርጊት ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ የቤት ቦታ ይመስላል። የባሕር ዛፍ መትከያም እንዲሁ፤ ይባስ ብሎ ሥሩ ከታች ያለውን ይበጠብጣል። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ መድቡ ከሰመጠው መንገድ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ግምቱ ይጠነክራል። በእርምጃ ለኩት፣ በስልካችሁ ቦታውን መዝግቡ፣ ፎቶውን ከአንድ ቦታ በጠዋትም በቀትርም አንሡ።

አስጎብኚ ስትመርጡ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዋናው መመዘኛ ግን ኦሮምኛው ነው። የቦታ ስሞችን የያዙት የሰፈሩ አዛውንቶች ናቸው፤ «ይህ ማሳ ምን ይባላል?» ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ አስጎብኚ ከፎቅ ፎቶ የበለጠ ይጠቅማችኋል። ማሳው የሰው ነውና ሳታስፈቅዱ አትግቡ።

የሸክላ ገል ወይም የጀበና አፍ ብታገኙ በቦታው ፎቶ አንሥታችሁ ተዉት። ከመሬቱ የተነሣ ገል የየትኛው ቤት እንደነበር የሚናገርበት ነገር የለውም። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ሪፖርት ይደረጋል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይገባም።