የዋሌት ቁልፍ ለመከፋፈል የቱ ይሻላል? ኤስኤስኤስኤስ፣ ስሊፕ 39 ወይስ ጂፒጂ

ጎጃም ተቀምጦ ቢትኮይን ለያዘ ሰው ሌባ ብቻ አይደለም ስጋቱ። ወረቀት የሚያረጥብ ክረምት አለ፣ ምስጥ አለ፣ መንገድም ኔትወርክም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሲዱን፣ ማለትም የቢትኮይን ቦርሳውን (ዋሌቱን) መልሰው የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ለሦስት ከፍሎ በማናቸውም ሁለቱ እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ አዲስ አበባ ይቀመጥ። የዓባይ በረሃ መንገድ ቢዘጋ የጎጃሞቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

የዚህን አከፋፈል ሒሳብ አዲ ሻሚር የተባለ የምስጠራ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 አውጥቶታል። አንድ ቁራጭ ብቻ ያገኘ ሰው ስለ ቁልፉ ምንም አያውቅም። ቃላቱን በመቀስ ለሁለት መቁረጥ ግን እንዲህ አይደለም። ከ12ቱ 6ቱን ያገኘ ሰው ሥራው በጣም ይቀልለታል።

ነባር ዋሌት ካላችሁ እኔ የምመርጠው ኤስኤስኤስኤስን ነው፤ የሻሚርን ሒሳብ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ የሊኑክስ ዓይነት በሆኑት በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ በአፕት (በፕሮግራም መጫኛቸው) ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ችግሩ ከ128 ፊደል በላይ አይቀበልም። 12 ቃል ይገባል፤ 24 ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ128 ይበልጣል። መላ አለው፦ የቢፕ 39 (የተለመደው የሲድ ቃላት ደንብ) ቃላት በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ስለሚለያዩ አራት አራቱን ብቻ ጻፉ። ክፍት ቦታው ተጨምሮ ቢበዛ 119 ነው። ሌላው ጣጣ ቁራጩ ራሱ ነው። ከሲዱ እጥፍ የሚረዝም የቁጥርና የፊደል ጥልፍልፍ ነው፤ በእጅ ስትገለብጡ አንዷን ብትስቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይነግራችሁም። ከማከፋፈላችሁ በፊት ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ሞክሩት።

ስሊፕ 39፣ በዚያው በሻሚር ሒሳብ የዋሌት ቁልፍን ወደ ቃላት ቁራጮች የሚከፍል ደንብ፣ እዚህ ላይ ይበልጣል። ቁራጩ 20 ወይም 33 የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ በስህተት የተጻፈ ቃል ካለ ያስታውቃል። ለዘመድ የሚሰጥ ወረቀት እንዲህ ቢሆን ደስ ይላል። ግን የቢፕ 39 ዋሌታችሁ እንዲሁ አይለወጥም፤ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ ገንዘቡን ማዛወር አለባችሁ፣ የዝውውር ክፍያም አለው። በፓይተን የተሠራውን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለእውነተኛ ምስጢር አትጠቀሙበት ይላሉ። ስለዚህ ስሊፕ 39 የሚያዋጣው እንደ ትሬዞር ያለ የሚደግፈው ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፍ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ለሚገዛ ሰው ነው።

ጂፒጂ አይከፋፍልም፤ ፋይሉን በይለፍ ቃል ይቆልፋል። ቃሉን ከረሳችሁ አበቃ። ብቻውን አልመክረውም።

የቱንም ብትመርጡ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ አትሞክሩት። ሲዱን ከትዕዛዙ ጋር በአንድ መስመር አትጻፉ፤ ትዕዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ በትዕዛዝ መዝገቡ ያስቀረዋል። ኤስኤስኤስኤስ ራሱ ጠይቆ ይቀበላል። በየፖስታው ውስጥ የትኛው መሣሪያ እንደሆነና ስንት ቁራጭ እንደሚበቃ በአማርኛ ጻፉ። የመጫኛውን ፋይልም በፍላሽ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም አስቀምጡ፤ ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን አፕት ምንም አያወርድም።