ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ከባድ ጌም፦ ጂፎርስ ናው ከወራት በኋላ

ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ነው ያለው። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ለሥራና ለዩቲዩብ የተገዛ ዕቃ ነው። በዚህ ላፕቶፕ ሳይበርፐንክ 2077ን መጫወት ከጀመርኩ ከመንፈቅ በላይ ሆኖኛል። ጌሙን እዚሁ ልጫነው ብል 70 ጊጋባይት ቦታና ቢያንስ 12 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ግራፊክስ ካርዱን ሳንቆጥር። በጂፎርስ ናው (የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ጌምን በኢንተርኔት የሚያጫውትበት አገልግሎት) ግን እየተጫወትኩ የፋኑ ድምፅ እንኳ ብዙም አይሰማም።

ጌሙ የሚሠራው የኤንቪዲያ ዳታ ሴንተር ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ነው። ምስሉ በቪዲዮ መልክ ወደ እኔ ይመጣል፤ የምጫነው ቁልፍ ደግሞ ወደዚያ ይሄዳል። የላፕቶፑ ሥራ ቪዲዮ ማሳየት ብቻ ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ ሳይንተፋተፍ የሚያጫውት ኮምፒውተር ካላችሁ፣ በማሽን በኩል ጨርሳችኋል።

ወሳኙ የኢንተርኔት መስመሩ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰዎች ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ላፕቶፑ ስለሚጠይቁኝ ነው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ የዳታ ሴንተር መናኸሪያ ስለሆነ ርቀት አያስቸግረኝም። የኢንተርኔቴ ፍጥነትም ከሚጠየቀው በብዙ ይበልጣል፦ ለ720ፒ የምስል ጥራት 15 ሜጋቢት፣ ከፍ ላለው 1080ፒ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ነው የሚባለው። እንደዚያም ሆኖ በዋይፋይ ስጫወት ማታ ማታ ምስሉ ይደበዝዝ፣ አንዳንዴም ስታክ ያደርግ ነበር። ያለሁት አፓርታማ ውስጥ ነው፤ በየግድግዳው ጀርባ የጎረቤት ራውተር አለ። ሁሉም በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ሲጨናነቅ፣ መረጃው ቢደርስም በሰዓቱ አይደርስም። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ታክሲው በሰዓቱ ይመጣል ማለት አይደለም። በሰከንድ 60 ምስል የሚመጣ ከሆነ ለአንዱ ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ትንሽ ከዘገየ ዓይን ያየዋል።

ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስቀይር ብዙው ተስተካከለ። ከራውተሩ በቀጥታ ኬብል ስዘረጋ ደግሞ ችግሩ ጠፋ። ለጌም ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚያ ርካሽ ኬብል የጠቀመኝ የለም።

እንደ ፊልም ታሪክ እየተከተልን የምንጫወታቸው ጌሞች፣ እንደ ዊቸር 3 ያሉት፣ ከእውነተኛ ጌሚንግ ኮምፒውተር ብዙም አይለዩብኝም። ሲቪላይዜሽን 6 ተራ እየጠበቁ የሚጫወቱት ስለሆነ መዘግየት ቢኖርም አይታወቅም። ሮኬት ሊግ በኬብል ጥሩ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ግን ልዩነቱ ይሰማኛል። ቀድሞ የተኮሰ በሚያሸንፍበት ጌም ጥቂት ሚሊሰከንድም ዋጋ አላት። ዋና ጌማችሁ እሱ ከሆነ ይህ አገልግሎት ለእናንተ አይደለም።

እኔ የምከፍለው በወር 9.99 ዶላር ነው። ጌሙን ግን አይጨምርም፤ ስቲም ወይም ኤፒክ በሚባሉት የኢንተርኔት የጌም መደብሮች ላይ የገዛችሁትን ነው የምትጫወቱት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥንካሬው እሱ ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የነበረው የጉግል ስታዲያ ጥር 2023 (በፈረንጆች) ሲዘጋ፣ እዚያ የተገዙ ጌሞች አብረው ጠፉ፤ ጉግል ገንዘብ ባይመልስ ኖሮ ከባድ ኪሳራ ይሆን ነበር። እኔ ግን ነገ ክፍያውን ባቆም ጌሞቼ ስቲም ላይ ይቆዩኛል።

ሆኖም የገዛችሁት ሁሉ አይከፈትም። የጌሙ አሳታሚ መፍቀድ አለበት። በየካቲት 2020 አሳታሚው አክቲቪዥን ብሊዛርድ ጌሞቹን ከአገልግሎቱ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ሌላው ገደብ በወር 100 ሰዓት ነው። ሥራ ለሚውል ሰው ይተርፋል። ክረምቱን ቤት ለሚውል ተማሪ ግን ላይበቃ ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ነፃውን ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል፤ ለመፈተን ግን ይበቃል። ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለበት ሰዓት ሞክሩት።

አዲስ አበባ ያሉ የአክስቴ ልጆች እነሱም ይችሉ እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁኛል። እውነቱን ነው የምነግራቸው። ኤንቪዲያ የሚመክረው መዘግየት (መረጃው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ) ከ40 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ከአዲስ አበባ የአገልግሎቱ ሰርቨር እስካለበት እስከ ፍራንክፈርት፣ ጀርመን በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አውሮፓ ላለ ሰርቨር የትኛውም ፓኬጅ ይህን አይቀይረውም። በዚያ ላይ በ25 ሜጋቢት ሲሠራ በሰዓት 11 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም።

ለእነሱ የመከርኩት ሌላ ነገር ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ጠንካራ ኮምፒውተር ካለው፣ በስቲም ሪሞት ፕሌይ ወይም በሰንሻይንና ሙንላይት ጌሙን ወደ ደካማው ላፕቶፕ ወይም ወደ ስልክ በቤት ራውተር መላክ ይቻላል። ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው። ምስሉ ከቤት ስለማይወጣ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይቆርጥም፣ ርቀቱም ከክፍል ክፍል ነው። ዋናውን ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት።