ጅማ ላይ ወርቅ ከማን ይገዛ? ወርቅ ቤት፣ ወርቅ ሰሪ ወይስ ከውጭ የመጣ

ቡና ተሸጦ ብር እጅ ሲገባና ሰርግ ሲደራረብ ሁሌ ሚነሳው ጥያቄ ወርቁን ከማን እንግዛ ነው። ዘመድ ሁላ "የኔ ሰውዬ ታማኝ ነው" ይላል፣ በምን አወቅክ ስትሉት ግን "እናቴም ከሱ ነው ምትገዛው" ከማለት ውጪ መልስ የለውም። እናትህ ገዝታለች እንጂ መልሳ ሸጣ አታውቅም እኮ፣ የወርቅ እውነቱ ሚወጣው ደግሞ ሲሸጥ ነው። ስለዚ ሶስቱንም ማነጻጽራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ መልሼ ባመጣው በምን ሂሳብ ትገዛኛለህ፣ ይሄንንስ ዛሬ ጽፈህ ትሰጠኛለህ?

መጀመሪያ ወርቅ ቤት። እዚው ጅማ መርካቶ አካባቢ መስታወት ውስጥ ደርድረው ሚሸጡት ማለቴ ነው። ትልቁ ጥቅማቸው ቦታ አላቸው፣ ነገ ሄዳችሁ ታገኟቸዋላችሁ፣ ንግድ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ደረሰኝ አለ። ግን ደረሰኝ አለ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፣ "የወርቅ ቀለበት 1" ብሎ ጠቅላላ ዋጋ ብቻ የጻፈ ወረቀት አይረባችሁም። ግራሙ፣ ካራቱ (የወርቁ ንጽህና ማለት ነው)፣ የግራም ዋጋውና የእጅ ዋጋው (ለሰሪው ስራ ሚከፈለው) ለየብቻ መጻፍ አለበት። የእጅ ዋጋ ስትሸጡት አይመለስም፣ ይሄን ቀድሞ የነገራችሁ ሰው በኔ ቤት አንድ ነጥብ አገኘ። "ያለ ደረሰኝ ላድርግልሽ ይቀንስልሻል" ሚል ካለ የተቀነሰላችሁ ማስረጃችሁ ነው፣ ነገ 21 ነው ብሎ የሸጠላችሁ 18 ሆኖ ቢገኝ በምን ትከራከራላችሁ።

ካራቱ ላይ ነው ትልቁ ብር ሚጠፋው። 24 ንጹህ ነው፣ 21 ማለት ከ1000 እጅ 875ቱ ወርቅ ነው፣ 18 ደግሞ 750። 5 ግራም ቀለበት 21 ከሆነ ውስጡ 4.375 ግራም ንጹህ ወርቅ አለ፣ 18 ከሆነ ግን 3.75 ብቻ፣ ሚዛኑ ላይ ሁለቱም ያው 5 ግራም ናቸው። በቀለም እለያለሁ ሚል ሰው ራሱን ነው ሚሸውደው ምክንያቱም ቀለሙን ሚቀይረው የተቀላቀለው መዳብና ብር ነው። 875 ወይ 750 ሚል ማህተም ጥሩ ነው ግን ማህተም መምቻ ያለው ሁሉ ይመታዋል። ማግኔትም እንደዛው፣ መዳብና ናስም በማግኔት አይሳቡም (የሀብል መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ብረት ልትሆን ስለምትችል እሷ ብትሳብ ግን አትደንግጡ)። ሻጩ ጥቁሯን መፈተኛ ድንጋይ አውጥቶ ከማይታይ ቦታ ፈግፍጎ አሲድ ሲያደርግበት ማየት ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ላዩን ነው ሚያሳያችሁ፣ ከላይ ወርቅ የተቀባ ከሆነና ቅቡ ወፍራም ከሆነ ያልፋል። ፈትነህ አሳየኝ ሲባል ፊቱ ሚቀየር ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ምንም ሳትሉ ውጡ።

ሚዛንን በተመለከተ፣ ቡና ሰብሳቢ ሚዛን ላይ እንዴት እንደሚጫወት ጅማ ላደገ ሰው አይነገርም፣ ወርቅ ላይም ያው ነው፣ ልዩነቱ እዚ በኪሎ ሳይሆን በነጥብ መሆኑ ነው። ቀለበቱ ከመቀመጡ በፊት ቁጥሩ 0.00 ላይ መሆኑን እዩ፣ ነፋስ ሚሰጥ ፋን ካለ ይጥፋ፣ የዋጋ ካርዷና ክሯ ትፈታ፣ ፕላስቲኩ ይውጣ። ግራሙን ለሂሳብ እንዲመች 10,000 ብር ብንለው 0.3 ግራም ማለት 3,000 ብር ነው፣ ለክርና ለወረቀት። ፈርጥ ካለው ደግሞ የድንጋዩን ክብደት በወርቅ ዋጋ ነው ምትከፍሉት፣ ስትሸጡት ግን ድንጋዩ ይወጣና ወርቁ ብቻ ይመዘናል። ታማኝ ሰው ድንጋዩ ይሄን ያህል ይሆናል ብሎ ራሱ ይነግራችኋል።

ወርቅ ሰሪጋ ስንመጣ ሰውዬው ራሱ ነው ሱቁ። የእጅ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ልኩም በልካችሁ ነው፣ የአያታችሁን ጉትቻ ቀለበት አርጎ ይሰጣችኋል። አደጋው ደግሞ ወርቁ ከዓይናችሁ ይርቃል። "እቺን ጣሉልኝና ነገ ኑ" ሚለው ነገር አይመቸኝም፣ ቢያንስ ስትሰጡት አብራችሁ መዝኑ፣ ግራሙንና ካራቱን ጽፎ ይፈርም፣ ከተቻለ ሲቀልጥ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሲቀልጥና ሲሞረድ ትንሽ መቀነሱ አይቀርም፣ ብየዳና ቆሻሻም አለው፣ ችግሩ ከጨረሰ በኋላ ሲነግራችሁ ነው። "ጋሼ ከዚ ላይ ስንት ይሄዳል፣ ሙራጁስ የማን ነው?" በሉት፣ ሙራጅ ሲሞረድ ሚረግፈው ብናኝ ነው። ቁጥር ቀድሞ ሚናገርና ሙራጁን ከቀለበቱ ጋር መዝኖ ሚመልስ ሰው ካገኛችሁ ለሰው ሁላ ንገሩ።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፣ እኔ በጣም ምወደው። 10 ግራም 21 ካራትና 10 ግራም 18 ካራት ይዛችሁ ሂዱና አብረህ አቅልጠህ 21 አርግልኝ በሉት። ሚወጣው 19.5 ነው፣ ንጹህ ወርቅ ካልተጨመረበት 21 ሚሆንበት መንገድ የለም። "ችግር የለም እህቴ፣ 21 ነው ማወጣልሽ፣ ወላሂ" ካለ መሀላው ራሱ መልስ ነው። "ንጹህ ወርቅ መጨመር አለብሽ፣ ይሄን ያህል" ካለ ግን ስራውንም ያውቃል፣ እናንተንም አልናቀም።

ከውጭ የመጣ ሚባለው፣ ከዱባይ ከሳዑዲ በሰው እጅ ወይ ቴሌግራም ላይ፣ ብዙ አያነጋግርም። ወርቁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ሀገር 21ና 22 ካራት የተለመደ ነው፣ ከገዛበት ሱቅ ወረቀት ካለውና ምታውቁት ሰው ከሆነ እሺ። ያለበለዚያ መልሼ ላምጣልህ ብትሉ ማንጋ ነው ምትሄዱት? ስልኩ ጠፍቶ ቁጭ ነው። ቀድማችሁ ላኩ ካሉማ ተዉት።

ስለዚ ምርጫው፦ ለሰርግ ወይ ለመህር አዲስ ምትገዙ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ሙሉ ደረሰኝ ሚሰጥ ወርቅ ቤት፣ ቤት ያለ ወርቅ ምታሰሩ ከሆነ ደግሞ አብራችሁት መቀመጥ ምትችሉት ወርቅ ሰሪ። ከየትም ግዙ ግን በዛው ቀን ሌላ ወርቅ ቤት ይዛችሁ ግቡ። "እውነተኛ ነው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ተፎካካሪውን ለማጣጣል ያልሆነ ነገር ሊል ይችላል። "ልሸጠው ነው፣ ስንት ትገዛኛለህ?" በሉት፣ የራሱ ብር ሊወጣ ነውና አሲዱንም ሚዛኑንም አውጥቶ በደንብ ይፈትነዋል። ካራቱን ስንት ብሎ እንደቆጠረ ጠይቁትና ይዛችሁ ውጡ፣ ከደረሰኙ ጋር ካልገጠመ የገዛችሁበት ሱቅ ገና አልተዘጋም።